የአሥራ አራት ቁጥር መሰላል

ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ሊነጋ ሲል አቋረጠ። ቴፒ ላይ ዝናብ ሲያቆም መሬቱ ይተነፍሳል፤ ከቡናው ሥር የሚነሣው እንፋሎት ሰው ወገብ ድረስ ይደርስና እዚያው ይቆማል። የዚያን የኅዳር ሰኞ ጠዋት ወደ እርሻው የሚሄዱት ሠራተኞች እርስ በርስ የሚተያዩት ከወገብ በላይ ብቻ ነበር። የዓለምዘርፍን ከሩቅ ያዩ ሰዎችም መጀመሪያ ያዩት መሰላሉን ነው። ረጅም የቀርከሃ መሰላል ጭጋጉ ላይ ብቻውን የሚሄድ መስሎ ታያቸው። ከሥሩ ሴት እንዳለች ያወቁት ቀረብ ሲሉ ነው። አንዳንዱ ለባሏ አድርሳ የምትመለስ መስሎት ሰላም ብሏት አለፈ። ባሏ ግን እግሩን ጀሶ ውስጥ አድርጎ ቤት ተኝቷል።

እርሻው ከቴፒ ወጣ ብሎ ነው፤ ስሙ ይቅር። ቡናም ኮረሪማም አለው፤ በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ የሚጣደፍለት ግን ቁንዶ በርበሬው ነው። ቁንዶ በርበሬ ሐረግ ነው፤ በራሱ አይቆምም። ግራቪሊያ ዛፍ ይተከልለትና ግንዱን ተጣብቆ ይወጣል። ሦስት ሰው ተደራርቦ ቢቆም ጫፉን አይነካውም። ስለዚህ የሚለቀመው በመሰላል ነው። እዚያ እርሻ ላይ ማን እንዳወጣው የማይታወቅ አንድ ልማድ አለ። መሰላል የሚወጣው ወንድ ነው። እያንዳንዱ ወንድ ደግሞ «ታች» የሚባል ሰው ይዞ ይመጣል፤ ሚስቱን ወይም እህቱን፣ ካጣ እናቱን። ታች መሰላሉን ደግፋ ትይዛለች፤ የሚወርደውን ቅርጫት ትቀበላለች፤ የረገፈውን ፍሬ ከቅጠል መሐል ትለቅማለች፤ ፍሬውን ከዘለላው ታራግፋለች፤ ጆንያውን ተሸክማ መመዘኛው ቤት ታደርሳለች። እዚያ ሲደርስ የሚጠራው የመሰላሉ ቁጥርና የሰውየው ስም ነው። ቋሚ ሠራተኛ የሚባለው እሱ ነው። የካምፑ ክፍልም የሚሰጠው ለእሱ ነው። ታች መዝገብ ላይ የለችም። ብትታመም ታመመች አይባልም፤ ብትወልድ ሌላ ታች ይፈለጋል።

የዓለምዘርፍ ዘጠኝ ዓመት የባሏ የከፈለኝ ታች ነበረች። ካቦው አለሙ ሲጠራት «የአሥራ አራት ታች» ይላታል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ስሟን ለማወቅ የሚያስገድደው ነገር ስላልነበረ ነው።

የተወለደችው አማን በሚባል ከተማ ነው። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው የመጡ ናቸው። አባቷ ወልደጻድቅ እስኪሞት ድረስ ይህን ሁሉ ዛፍ ምን ያደርጉታል ሲል ይገረም ነበር። እሷ ዛፉ ውስጥ ስላደገች አልገረማትም። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማረች፤ ጎበዝም ነበረች። እናቷን ወባ ደጋግሞ ሲጥላት ታናናሾቿን የሚይዝ ጠፋና አባቷ ለጊዜው ቤት ትዋል አለ። ያ ጊዜ አላለቀም። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ከፈለኝን አገባች፤ ሁለት ሴት ልጆች ወለደች፤ እሱ እርሻው ላይ መሰላል ሲያገኝ ተከትላው ቴፒ መጣች።

ከታች የሚቆም ሰው የላዩን ሰው እጅ ያውቃል። የሚወርደው ሁሉ እሱ ላይ ነዋ። ተካ የሚባለው ሽማግሌ ለቃሚ ካለበት ዛፍ ሥር ቅጠል አይረግፍም። ዘለላውን በጥፍሩ ቆንጥጦ ነው የሚያወርደው። ከፈለኝ ጠዋት ጠዋት ደህና ነው፤ ከቀትር በኋላ ሲደክመው ይጎትታል። ያኔ አረንጓዴው ፍሬም፣ ቅጠሉም፣ የሐረጉ ለጋ ጫፍም አብሮ ይወርዳል። ቁንዶ በርበሬ ከዘለላው አንድ ሁለት ፍሬ ሲቀላ ነው የሚለቀመው። ከዚያ ቀደም ከተነካ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ከዘገየ ወፍ ይበላዋል። የዓለምዘርፍ ይህን ሁሉ ከመሬት አንጋጣ ተማረችው። አንድ ቀን ለከፈለኝ ሐረጉን አትጎትተው ብላው ነበር። ሦስት ቀን አኩርፏት ከረመ። ከዚያ በኋላ አላነሣችም።

በለቀማው መጀመሪያ ሳምንት ከፈለኝ መሰላሉን ባዶው ግንድ ላይ ማስደገፍ ሲገባው ሐረጉ ላይ አስደገፈው። ዛፉን ላለመዞር ነው። እሷ አየች። ይንሸራተታል አለችው፤ ዝም ብለሽ ያዢ አላት። ያዘች። ዝናብ የጠጣው ሐረግ ከነመሰላሉ ከግንዱ ተላጠ፤ ሰውየውም አብሮ መጣ። ቅልጥሙ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሚዛን ከተማ ሆስፒታል ወስደው ጀሶ አስደረጉለትና ሦስት ወር አትርገጥ ተባለ።

ከሳምንት በኋላ ካቦ አለሙ ስኳርና ብርቱካን ይዞ ሊጠይቅ መጣ። ተቀመጠ፤ እግዜር ይማርህ አለ፤ ስለ ዝናቡም ጥቂት አወራ። ሲነሣ ነው ነገሩን የተናገረው። በለቀማ ሰዓት መሰላል ሥራ ፈቶ አይቆምም፤ ስለዚህ ሰኞ አሥራ አራት ቁጥር ለእህቱ ልጅ ይሰጣል። ክፍሉም ከመሰላሉ ጋር ነው የሚሄደው፤ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ማንም አይነካችሁም አለ። ይህን የተናገረው እንደ ትልቅ ውለታ ነው። ከፈለኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የዓለምዘርፍ በሩ ድረስ ሸኘችውና እኔ ብወጣስ አለችው። አለሙ ሳቀ። ሳቁ ንቀት አልነበረበትም፤ ልጅ የሚያስቅ ነገር ስትናገር እንደሚሳቀው ያለ ሳቅ ነበር። እሷን ያናደዳት ይኸው ነው። ቢሰድባት ኖሮ ምናልባት ትተወው ነበር። ሠላሳ ወንድ ባለበት ቀሚስ ለብሰሽ ልትወጪ ነው ወይ ብሎ እየሳቀ ሄደ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋ ዘይቱና ጋ ሄደች። ዘይቱና የስልጤ ነጋዴ ልጅ ናት፤ አባቷ ሚዛን ከተማ ውስጥ ሱቅ ነበረው። የሀይደር ሚስትና የሀያ ሁለት ቁጥር ታች ነች። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምታ ስታበቃ ከሣጥኗ አንድ ጥቁር ሱሪ አወጣች።

«እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ከቀሚሴ ሥር ሱሪ እለብሳለሁ፤ እስከ ዛሬ ምን ሆነሽ ያለኝ ሰው የለም። ውሰጂው፣ ዘርፌ። ሲቀደድ ግን መልሰሽ እንዳታመጪብኝ።»

ሰኞ ጠዋት መሰላሉን የሚይዝላት አልነበራትም። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው፤ ሌሎቹ ሴቶች የየባላቸውን መሰላል ይይዛሉ። ስለዚህ ማንም ወንድ አድርጎት የማያውቀውን አደረገች። ከጆንያ ማሰሪያ ገመድ ፈትላ መጥታ ነበር፤ የመሰላሉን እግር ከግንዱ ጋር አሰረችው። ወጥታ ደግሞ ራሱን አሰረችው። ወንዶቹ ገመድ አስፈልጓቸው አያውቅም፤ ገመዳቸው ሚስቶቻቸው ነበሩ። ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረች፤ ቅርጫቱን አንጠለጠለች፤ ወጣች። ወደ ታች አላየችም። ዘጠኝ ዓመት ስታየው የኖረችው ስለሆነ የቀረባት ነገር አልነበረም።

ካቦ አለሙ ሲደርስ ከወገቧ በላይ ቅጠል ውስጥ ነበረች። የእህቱ ልጅ ከኋላው ቆሟል።

«ውረጂ» አላት።

«ጋሽ አለሙ፣ ይህችን ቅርጫት ልሙላትና።»

«ከሥርሽ ወንዶች አሉ። አታፍሪም?»

«የሚያፍር አንገቱን ይድፋ። እኔ ወደ ላይ ነው የማየው።»

በሁለቱም ረድፍ ያለው ሰው ሥራውን ተወ። አንድ ሁለቱ ጎረምሶች ያፏጩ ጀመር፤ አንዱ አሥራ አራት ቁጥር ጡት አበቀለ ብሎ አሳቀ። ተካ ከጎኗ ካለው ዛፍ ላይ ሆኖ፣ እጁን ሳያቆም ተናገረ፦

«ካቦ፣ ሱሪ ለብሳለች። የሚታይ ነገር የለም፤ ተስፋ ቁረጥና ወደ ሥራህ ሂድ።»

የአሁኑ ሳቅ በካቦው ላይ ሆነ። አለሙ የሚሳቅበት ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩን ፈተና አደረገው። እስከ ቀትር አንድ ጆንያ ሙይ አላት፤ ከሥርሽ አንዲት የተቀነጠሰች የሐረግ ጫፍ ካገኘሁ ግን ዛሬውኑ ክፍሉን ትለቂያለሽ። እሷም እሺ አለች። የካቦው የእህት ልጅ ከሥር ቆሞ መሰላሉን ሲጠብቅ፣ ዛፍ እየቀየረች ገመዱን እየፈታችና እያሰረች ለቀመች። ጉንዳን በእጅጌዋ ገባ፤ አላራገፈችውም። ጆንያው ቀትር ሳይደርስ ሞላ። አለሙ ዛፎቹን አንድ በአንድ ዞረ፤ ቅጠሉን በጫማው እየገለጠ መሬቱን ፈተሸ። ያገኘው በራሱ ደርቆ የረገፈ ቅጠል ነው። ቀና ብሎ አያትና ከፈለኝ እስኪድን ብቻ፣ በእሱ ስም አላት። የእህቱን ልጅ ይዞ ሄደ።

በእሱ ስም ወጣች። ኅዳርና ታኅሣሥ አለፈ፤ ጥርም አለፈ። መዳፏ ተላጠ፤ ኋላ ደነደነ። ማታ ቤት ስትገባ ጎደሬ ትልጣለች፤ ልጆቹን ታጥባለች፤ የከፈለኝን ትራስ ታስተካክላለች። ሥራው ከላይ ጨመረ እንጂ ከታች የተቀነሰላት አልነበረም። ስለ ሴት ሥራ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ከፈለኝ በሩ ላይ በርጩማ አስወጥቶ ይቀመጣል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ይቀልድበታል፤ ታች ሆንክ አሉ፣ መሰላሉን ማን ይይዝላታል ይሉታል። ከሳቁት ጋር ይስቅና ከሄዱ በኋላ በርጩማውን ወደ ውስጥ ያስመልሳል። እሷ አዘነችለት። ማዘን ሌላ፣ መሰላል ሌላ ነው።

ጀሶው የወጣው በጥር መጨረሻ ነው። እያነከሰ ግቢውን ዞረ፤ በበነጋውም ዞረ። ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሰኞ መሰላሌን እረከባለሁ አላት። እሷ የተቀደደውን ሱሪ እየሰፋች ነበር።

«አልሰጥህም» አለችው።

መጀመሪያ የሰማ አልመሰለም። «የማን መሰላል መስሎሽ ነው?»

«የእርሻው ነው። ያንተም የእኔም አይደለም።»

«ስሙ የኔ ነው።»

«ስሙን አውቃለሁ። ዘጠኝ ዓመት ተሸክሜው ነው መመዘኛው ቤት የማደርሰው። አሁን የራሴን ልሸከም። ከፈለግህ ከሥር መጥተህ ያዝልኝ፤ ካልፈለግህ ገመድ አለኝ።»

ሊመታት እጁን አነሣ የሚሉ አሉ፤ አላነሣም። እንዲህ ያለ ሰው አይደለም። ተነሥቶ ወጣና በዚያ በሚያመው እግሩ ካቦው ቤት ድረስ ሄደ። መዝገብ ላይ የተጻፈው ስም የእሱ ስለሆነ መሰላሉ ሰኞ እንደሚመለስለት እርግጠኛ ነበር። እውነትም ነበር፤ ልማዱ ከእሱ ጋር ነው። አለሙ ግን እስከ ሐሙስ ታገሥ አለው። ከዞን ስለ ሴቶች ተሳትፎ የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ፤ መሰላል ላይ ያለች ሴት ማየት ደስ ይላቸዋል። ከሐሙስ በኋላ ያንተ ነው አለው። ከፈለኝ ይህን ሲነግራት ድምፁ ውስጥ እፎይታ ነበረ። እሷም አራት የሥራ ቀን እንደቀራት አወቀች።

ሐሙስ እንግዶቹ በመኪና መጡ፤ አንዲት ወይዘሮና ሁለት ወንዶች። ካርቶን ሙሉ ቲሸርት ይዘዋል፤ ደረቱ ላይ «ሴቶች ለልማት» የሚል ተጽፎበታል። አለሙ ያን ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። መዝገብ ያዡን አስከትሎ ረድፉን እያስጎበኘ አመጣቸውና ዛፉ ሥር ሲደርስ፣ የእኛ ሴቶች እዚህ ድረስ ደርሰዋል ብሎ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። አንደኛው እንግዳ ፎቶ አነሣ። ወይዘሮዋ ቀና ብላ፣ ስምሽ ማን ይባላል እህቴ አለቻት።

የዓለምዘርፍ ወረደች። አልቸኮለችም። ቅርጫቱን መሬት አስቀመጠች፤ ቀሚሷን ፈትታ ለቀቀችው።

«ስሜን መዝገብ ያዡን ይጠይቁት» አለች።

መዝገብ ያዡ ካቦውን አየ። ወይዘሮዋ እስቲ አለችው። ገለጠና አሥራ አራት ቁጥር፣ ከፈለኝ ብሎ አነበበ። የባሏ ስም ነው ሲል አለሙ ቶሎ አስረዳ፤ ሰውየው ታሞ ነው፣ በትብብር ነው የምንሠራው፣ እዚህ እንደ ቤተሰብ ነን።

«እኔ ልናገር፣ ጋሽ አለሙ» አለች። «ይህ መሰላል ላይ ስወጣ ሦስት ወር ሆነኝ። ከዚያ በፊት ዘጠኝ ዓመት ከሥሩ ነበርኩ። መዝገቡን ካመናችሁ እዚህ እርሻ አንድ ቀን ሠርቼ አላውቅም። እነዚህ ከየዛፉ ሥር የቆሙት ሴቶችም አልሠሩም። ሴት ልትቆጥሩ ከሆነ የመጣችሁት በዐይናችሁ ቁጠሩን፤ መዝገቡ ላይ አታገኙንም። እኔ ነገ ከዚህ እወርዳለሁ ተብያለሁ። የምወርደው መልቀም ስላቃተኝ ከሆነ ጆንያዬን እዩና ንገሩኝ።»

ከዚያ ከሀያ ሁለት ቁጥር ሥር ዘይቱና፣ «እኔም እዚያ መዝገብ ውስጥ የለሁም» አለች። ሌሎቹ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። አይፈረድባቸውም፤ ባሎቻቸው ከራሳቸው በላይ ነበሩ። ወይዘሮዋ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ረዘም ያለ ነገር ጻፈች። ቲሸርቶቹ ታደሉ። ሁሉም የወንድ ልክ ነበሩ።

ዓርብ ጠዋት ግን አሥራ አራት ቁጥርን ለከፈለኝ ማስረከብ አልተቻለም። እንግዶቹ ቢመለሱ ምን ይባላል ብሎ አለሙ ፈርቷል። ሊያስወርዳትም አልቻለ፣ ሊያያትም አልፈለገ፤ ከነመሰላሏ ወንዙ ዳር ወዳለው ረድፍ ላካት። እዚያ አልቅት አለ፤ ዛፉም ሸብቷል። ሄደች። በሳምንቱ ዘይቱና መጥታ ከሥር ቆመችላት፤ ሀይደር ሲያኮርፍ ደግሞ ወደ ባሏ መሰላል ተመለሰች። የካቲት ሲያልቅ መዝገብ ያዡ ቢሮ አስጠራት። ከዞን ደብዳቤ መጥቷል፤ የቋሚ ሴት ሠራተኞች ስም ዝርዝር ይላክ ይላል። እርሻው ላይ የነበሩት ቋሚ ሴቶች ምግብ ቤቱ ውስጥ የምትሠራዋና ቢሮ የምታጸዳዋ ብቻ ናቸው። ሁለት ተብሎ አይላክም። መዝገብ ያዡ ይህንኑ ሳይደብቅ ነገራት፤ ደስ ያላት ደግሞ አለመደበቁ ነው። ለምን እንደጻፏት ግድ አልነበራትም። ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረና ጣትሽን አላት፤ ቀለሙን ሊያቀርብላት ነበር። እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደችና ጻፈች፦ የዓለምዘርፍ ወልደጻድቅ። ጽሕፈቷ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጽሕፈት ነው፤ ግን ይነበባል።

ከፈለኝ ለአንድ ወር ያህል ሊያናግራት አልፈለገም። ሦስት ሳምንት ማጂ ዘመድ ጋ ሄዶ ከረመ፤ አይመለስም ተባለ። ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ማንም ሳይልከው ወንዙ ዳር መጣና መሰላሉን ያዘ። እሷም ገመዱን አልፈታችም፤ እሱም ፍቺው አላላትም። ቅጠል የማይረግፍበት ዛፍ ሥር ሲቆም የመጀመሪያው ነበር። ቀትር ላይ ጆንያውን አንሥቶ እያነከሰ ተሸከመው።

በተከታዩ ለቀማ ሁለት ሴቶች መሰላል ጠይቀው አንዷ አገኘች። ዘይቱና አልጠየቀችም። ሀይደር የጠየቅሽ ቀን እቃሽን አንሺ ብሏታል፤ አራት ልጅ ይዛ የት ትሄዳለች። የቀሩት ሴቶች እንደ ድሮው ታች ናቸው። ካቦ አለሙ አሁንም ካቦ ነው። የዓለምዘርፍን በስሟ ይጠራታል፤ ሲጠራት ግን ረጅም ቃል እንደሚያነብ ሰው ይሆናል።

አሁን የዓለምዘርፍ ሠላሳ ሰባት ዓመቷ ነው። የወንዙ ዳር ረድፍ የአሥራ አራት ቁጥር ለቃሚ ናት፤ ክፍሉ በእሷ ስም ነው። ከፈለኝ የማድረቂያው ዘበኛ ሆኗል። ትልቋ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ደርሳለች። የዓለምዘርፍን ጉልበቷን ያማታል፣ ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፤ ሥራ ግን አልቀረችም።